ፐብሊክ ሎው ላይ ማተኮር ለሚፈልግ የሕግ ተማሪ፤ ከየት ይጀመር?

የቡሬዋ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሕግ የምትማሩና የጨረሳችሁ እዚህ እንደማትጠፉ ስለማውቅ ነው የምጠይቃችሁ። በመጀመሪያ ዲግሪ ፐብሊክ ሎውን፣ ማለትም መንግሥትንና ከዜጋው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገዛውን ሕግ፣ ለይቶ መማር ይቻላል? ሕገ መንግሥትና የአስተዳደር ሕግ በሞጁልና በሾርት ኖት ብቻ ይወጣል ወይስ ሌላ የሚነበብ አለ? በአማርኛ ላንብብ ስል ደግሞ «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ጊዜሽን አታባክኚ» የሚለኝ በዛ። የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ። «በርቺ» ብቻ ከሆነ ይቅርብኝ።

ጣና ዳር

እህቴ፣ ከስሙ እንጀምር። በእኛ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ የሕግ ትምህርት በዘርፍ አይከፈልም። ኤል.ኤል.ቢ. አጠቃላይ ነው፤ ውሉንም፣ ውርሱንም፣ ወንጀሉንም፣ ታክሱንም ሁሉንም ትወስጃለሽ። ፐብሊክ ሎው የሚል ስም ያለው ዲግሪ የሚመጣው ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ አሁን የምትመርጪው ዘርፍ የለም፤ የምትመርጪው ጉልበትሽን የት እንደምታፈሺ ነው።

ግንዱ ሕገ መንግሥት ነው። ከእሱ የአስተዳደር ሕግ፣ ሰብአዊ መብት፣ የታክስ ሕግ፣ የመሬት ሕግ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ይወጣሉ። ዓለም አቀፍ ሕግ ጎን ለጎን ይቆማል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እያንዳንዱን ኮርስ ለብቻው ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ደብተሩን ዘግቶ ስለሚሄድ ነው። ታክስ ላይ «ይህን ግብር ማን ይጥላል?» ሲባል መልሱ ከአንቀጽ 96 እስከ 99 ያለው የሕገ መንግሥቱ ክፍል ነው፤ ተማሪው ግን ያንን ከአንድ ዓመት በፊት ለፋይናል ቸክሎ ረስቶታል።

መላ አለው። የሕገ መንግሥቱን ሙሉ ጽሑፍ ኮፒ ቤት አሳትመሽ አስጠርዢው። አንቀጾቹ 106 ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ኮርስ አንቀጽ በተጠቀሰ ቁጥር በጠርዙ ላይ የኮርሱን ስምና የአዋጁን ቁጥር ጻፊበት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርሺ አንቀጽ 40 (የንብረት መብት) ዙሪያ ባዶ ቦታ አይተርፍም። ከማንኛውም ሾርት ኖት ይበልጣል።

ሌላው፣ ለማንኛውም የፐብሊክ ሎው ጥያቄ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ሥልጣኑ የማን ነው? ሥልጣኑን የሰጠው የትኛው ሕግ ነው? የተበደለው ሰው አቤት የሚለው የት ነው? ተማሪ ሁለቱን መልሶ ሦስተኛውን ይረሳል። ነጥብ የሚቆረጠውም እዚያ ላይ ነው።

ዋሸራ

የአማርኛው ነገር እኔን ይመለከተኛል። «ጊዜሽን አታባክኚ» ያለሽ ሰው አንቀጽ 106ን አላነበበም፤ የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻው አንቀጽ ነው፣ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣንም ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ለአዋጆቹ የአማርኛውን የበላይነት ይሰጣል። ጋዜጣውን ገልጠሽ እዪው፤ ግራው ዓምድ አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ግራው ይገዛል።

«የት ይለያያሉ?» ካልሽ ለሕገ መንግሥት ኮርስ ዋናው ምሳሌ አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። እንግሊዝኛው በፌዴራል ወይም በክልል ሕግ ላይ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም የሚል ክርክር ሲነሳ ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል ይላል፤ «ሕግ» ብሎ ዝም ነው። አማርኛው ግን በፌዴራል ወይም በክልል «ሕግ አውጪ አካላት» የሚወጡ ሕጎች ይላል። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ትልቅ ነው። ሕግ አውጪ አካል ስንል ምክር ቤት ነው፤ ታዲያ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ወይም አንድ ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ ሕገ መንግሥቱን ቢጥስ መደበኛ ፍርድ ቤት አይቶ ወደ ጎን ሊለው ይችላል ማለት ነው? ይችላል ብለው የሚከራከሩ ምሁራን የሚቆሙት በዚህ አማርኛ ላይ ነው። በሌላ በኩል አሁን በ798/2005 የተተካው አዋጅ ቁጥር 250/1993 «ሕግ» ለሚለው ቃል ትርጉም ሲሰጥ ደንብና መመሪያንም አስገብቶ በሩን አጠበበው። አዋጅ ሕገ መንግሥቱ ያልሰጠውን ሊሰጥ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይቀጥላል። እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ይህ ክርክር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሳይዝ ወርቁን አይፈታም። ሕግም እንደዚያው ነው፤ ቃሉን ሳትይዢ ወደ «መንፈሱ» አትሮጪ።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት፦ የአዋጅ ዓመት። አዋጅ 1183/2012 እና አዋጅ 1183/2020 አንድ ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቁጥሩን ያዢ፣ ዓመቱ እንዳያደናግርሽ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትደምሪያለሽ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው፣ በፈረንጅ 1994 ይውላል። ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ነው፣ ያ ደግሞ 1995 ነው። «የ1994ቱ» እና «የ1995ቱ ሕገ መንግሥት» የሚሉ ጽሑፎች ስታዪ ሁለት ሕገ መንግሥት እንዳይመስልሽ።

ደጀን ኬላ

ዋሸራ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ልጅቷን ገደል እንዳትከታት። ሌክቸሩም፣ ሚዱም፣ ፋይናሉም፣ የመውጫ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ጥርት አድርጎ የገባው ተማሪ ወረቀቱ ላይ «ኮንስቲትዩሽናል ኢንተርፕሬቴሽን» (ሕገ መንግሥትን መተርጎም) እና «ጁዲሻል ሪቪው»ን (ፍርድ ቤት የመንግሥት አካልን ውሳኔ መመርመሩን) ቀላቅሎ ይጽፍና ሲ ይዞ ይወጣል።

እህቴ፣ የደብተርሽን የመጨረሻ 10 ገጽ ለቃላት መድቢ። በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ መሐል የነጋሪት ጋዜጣው አማርኛ፣ በቀኝ የተገኘበት አንቀጽ። ከራስሽ አትተርጉሚ፤ ጋዜጣው የተጠቀመበትን ቃል ብቻ ውሰጂ። «ጭብጥ»፣ «ይግባኝ»፣ «ሰበር»፣ «ውክልና»፣ «አስተዳደራዊ ውሳኔ» ሁሉም ትክክለኛ ጥንድ አላቸው።

በተለይ አንዲት ወጥመድ አለች። ላይብረሪ ውስጥ ያሉት የአስተዳደር ሕግ መጻሕፍት ብዙዎቹ የአሜሪካና የእንግሊዝ ናቸው። አሜሪካኖቹ «ሬጉሌሽን» የሚሉት መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያወጣውን ነው። እኛ ጋ ግን «ሬጉሌሽን» ደንብ ነው፣ በፌዴራል ደረጃ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው መመሪያ ነው፣ በእንግሊዝኛችን «ዳይሬክቲቭ» ይባላል። ይህን ሳያስተውል የአሜሪካኑን መጽሐፍ ገልብጦ የጻፈ ሰው የሥልጣን ተዋረዱን ያፈርሰዋል፤ መምህሩ ከመጀመሪያው መስመር ያውቅበታል።

ዋሸራ

ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ሁለቱንም ዓምድ ጎን ለጎን ታንብብ። ግን መጀመሪያ ግራውን።

መዝገብ ቤት

ስለ ሰበር ውሳኔ ማንም አላነሳም። መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህ በአዋጅ 454/1997 መጣ፣ አሁን ያለው በአዋጅ 1234/2013 ውስጥ ነው። ውሳኔዎቹ በቅጽ እየተጠረዙ ይወጣሉ። ተማሪ ግን አነባበቡን ስለማያውቅ ሁለት ገጽ አንብቦ ይሰለቻል።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ከላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ የዳኞች ስም፣ አመልካችና ተጠሪ አለ። ቁጥሩንና ቀኑን ጻፊ፣ ስሞቹን እለፊ። ቀጥሎ የሥር ፍርድ ቤቶች ታሪክ ይመጣል፤ ረጅም ነው፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚደክመው። ለጊዜው ዝለይውና ወደ መጨረሻው ውረጂ፤ «ውሳኔ» የሚለው ርእስ ሥር በተራ ቁጥር የተቀመጡትን አንብቢ። የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጸና፣ ተሻሻለ ወይስ ተሻረ? ይህን ካወቅሽ በኋላ ወደ ላይ ተመለሺና ችሎቱ ጭብጥ (የሚወስነውን የሕግ ጥያቄ) የያዘበትን አንቀጽ ፈልጊ። ጭብጡ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፣ «ሊመረመር የሚገባው» ወይም ይህን የመሰለ ቃል ይዞ ይመጣል። ከጭብጡ እስከ ውሳኔው ያለው ሐተታ ነው ትርጉሙ። የሥር ፍርድ ቤቱን ታሪክ አሁን አንብቢው፤ ምን እየፈለግሽ እንደሆነ ስለምታውቂ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ግማሽ ገጽ ማጠቃለያ በራስሽ ቃል፦ ፍሬ ነገር በአራት መስመር፣ ጭብጥ በአንድ፣ የተተረጎመው አንቀጽ፣ ትርጉሙ፣ ያልገባሽ ነገር። «ያልገባኝ» የሚለውን አትዝለይው፣ ክፍል ውስጥ የምትጠይቂው እሱን ነው። በሳምንት ሁለት ውሳኔ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ሰበር በፊት የሰጠውን ትርጉም በኋላ ሊለውጠው ይችላል፤ የድሮ ቅጽ ላይ ያገኘሽውን ከመጥቀስሽ በፊት በኋለኞቹ ቅጾች ውስጥ በዚያው አንቀጽ ፈልጊ። ሁለተኛ፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አንቀጽ 62(1) እና 83። ስለዚህ ትልልቆቹን የሕገ መንግሥት ጉዳዮች ሰበር ቅጽ ውስጥ አታገኚያቸውም። የስልጤ የማንነት ጥያቄ፣ በ1997 የተነሳው የሰላማዊ ሰልፍ እገዳ ክርክር፣ በ2012 ምርጫው ሲራዘም የተሰጠው ትርጉም የሚፈለጉት በምክር ቤቱና በአጣሪ ጉባኤው ሰነዶች ነው። አጣሪ ጉባኤው 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ ሦስት። ጉባኤው ያጣራል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። ይህን የሚያምታታ ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው።

የቡሬዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ይኸው ጠርዤ ልጀምር ነው። አሁን አንድ ጥያቄ፤ ሚድ ላይ ይወጣል የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፦ «አንድ ገበሬ 1 ሄክታር መሬት በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዟል። ግማሹ ባሕር ዛፍ ነው። የወረዳው አስተዳደር መሬቱ ለኢንዱስትሪ ልማት ይፈለጋል ብሎ የልቀቅ ትእዛዝ ሰጠው። ካሣው አነሰኝ፣ ትእዛዙም ትክክል አይደለም ይላል። ምን ትመክሪዋለሽ?» መልሱ አዋጅ 1183/2012ን ጠቅሶ ጁዲሻል ሪቪው መጠየቅ ነው ያሉኝ አሉ። ልክ ነው?

ዝክረ ሕግ

አይደለም። ይህ ጥያቄ የተሠራውም ያንን መልስ የሚሰጡትን ለመያዝ ይመስለኛል። በቅደም ተከተል ልሂድበት።

መጀመሪያ ሥልጣን። መሬትን የሚመለከት ሕግ የሚያወጣው ማን ነው? አንቀጽ 51(5) የመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ ማውጣትን ለፌዴራል ይሰጣል። አንቀጽ 52(2)(መ) ደግሞ ክልል የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ መሬትን ያስተዳድራል ይላል። ስለዚህ ሕጉ በሁለት ፎቅ ነው። ከላይ የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ከታች የአማራ ክልሉ። የክልሉ ሕግ የሚወጣው በነጋሪት ጋዜጣ አይደለም፣ በ«ዝክረ ሕግ» ነው፤ ስሜን ያወጣሁበት። ተማሪ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሲፈልገው ውሎ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

እዚህ ላይ የተሻረ ሕግ ወጥመድ አለ። በየዶርሙ የሚዞሩት አሮጌ ሞጁሎች አዋጅ 455/1997ን (መሬት ስለማስለቀቅና ካሣ)፣ 456/1997ንና የክልሉን 133/1998ን (ሁለቱም የገጠር መሬት) ይጠቅሳሉ። 455 በ1161/2011 ተተካ፣ 456 በ1324/2016 ተተካ፣ የክልሉ 133 በ252/2009 ተተካ። ሦስት የሞቱ አዋጆች ጠቅሶ ጥሩ ትንታኔ መጻፍ ይቻላል፤ ነጥብ ግን አያመጣም። አዋጅ ስትይዢ መጀመሪያ የምታነቢው ወደ መጨረሻው ያለውን «የተሻሩ ሕጎች» የሚለውን አንቀጽ ይሁን።

ሁለተኛ መብት። አንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። 40(4) ገበሬው ከመሬት ይዞታው ያለመነቀል ዋስትና ይሰጠዋል። 40(7) በጉልበቱና በገንዘቡ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ማሻሻያ መብት ይሰጠዋል። 40(8) መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም «የግል ንብረትን» ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ ሊወስድ ይችላል ይላል። አሁን ቃሉን እዪው፦ የግል ንብረት። መሬቱ የግል ንብረቱ አይደለም፤ ባሕር ዛፉ ነው። ስለዚህ 40(8)ን ብቻ ጠቅሶ «የመሬቱ ዋጋ ይከፈለው» የሚል መልስ ስህተት ነው። ባዶ የታረሰው ግማሽ ሄክታር ላይ የሚከፈለው ገበሬው በመፈናቀሉ ነው፤ መነሻው ደግሞ አዋጅ 1161/2011 ነው። መልስሽን ለሁለት ከፍለሽ፣ ባሕር ዛፉን ለብቻ፣ እርሻውን ለብቻ ጻፊው። ጠያቂው «ግማሹ ባሕር ዛፍ ነው» ብሎ የጻፈው በከንቱ አይደለም። ፍሬ ነገር ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ ለአንድ ነገር ነው የገባው።

ሦስተኛ የሕዝብ ጥቅም። «ለኢንዱስትሪ ልማት» የሚለው ብቻውን ይበቃል ወይ? አዋጁ ለሕዝብ ጥቅም የሰጠውን ትርጉም ገልብጪና ከፍሬ ነገሩ ጋር አያይዢ። ውሳኔውን የሰጠው አካልስ ሥልጣን አለው? ትእዛዙ በጽሑፍ ነው? ካሣው ተከፍሎ ነው ልቀቅ የተባለው ወይስ በፊት? ፍሬ ነገሩ ካልነገረሽ «ካሣው ካልተከፈለ… ከተከፈለ ግን…» ብለሽ በሁለት አቅጣጫ ጻፊ። ፍሬ ነገር አትፍጠሪ።

አራተኛ፣ ያንቺ ጥያቄ፦ የት ይሂድ? አዋጅ 1183/2012 የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ነው። የሚገዛው የፌዴራል አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶችን፣ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደር ነው። ወረዳው የክልል አካል ነው። አይነካውም። የገበሬው መንገድ ያለው ራሱ 1161 ውስጥ ነው፦ መጀመሪያ ቅሬታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። በቀጥታ ፍርድ ቤት ከሄደ «አስተዳደራዊ መንገዱን አልጨረስክም» ተብሎ ይመለሳል። የአቤቱታው የጊዜ ገደብ ትእዛዙ ከደረሰው ቀን ይቆጠራል፣ ስለዚህ ምክርሽ ላይ «የደረሰኝን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ያዝ» የምትል መስመር አትጥፋ። መርማሪ መምህር ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ተግባር ታውቂያለሽ ማለት ነው።

ፌዴሬሽን ምክር ቤትን ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ አታምጪው። እዚያ የሚደረሰው ሌላው መንገድ ካለቀ በኋላ ነው።

ጣና ዳር

ዝክረ ሕግ ጨርሶታል። እኔ የምጨምረው ለምን 1183 ሁሉም አፍ ላይ እንደሚመጣ ነው። ከእሱ በፊት የፌዴራል መሥሪያ ቤትን ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚያስመረምር አጠቃላይ አዋጅ አልነበረም፤ መምህራንም የአስተዳደር ሕግን በውጭ አገር መጻሕፍት ነበር የሚያስተምሩት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ለሚል አገር ትልቅ ነገር ነው። አዋጁን አንብቢው ግን ወሰኑን ይዘሽ አንብቢ። ሦስት ነገር ለዪበት፦ መመሪያ እንዴት ይወጣል፣ አስተዳደራዊ ውሳኔ እንዴት ይሰጣል፣ ሁለቱስ በፍርድ ቤት እንዴት ይመረመራሉ። መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ መመዝገብ አለበት፣ ያልተመዘገበ መመሪያ አይሠራበትም። «በውስጥ ሰርኩላር ነው የምንሠራው» የሚል መሥሪያ ቤት ጥያቄ ላይ ከመጣ ምን እንደምትጽፊ አሁን ታውቂያለሽ።

ኮሶ በር

ከአዊ ወገን አንድ ነገር። ፌዴራሊዝም ስትማሩ ሁሉም ሰው ምሳሌውን ከካናዳና ከህንድ ያመጣል። ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ተሳፍረሽ ብትሄጂ ክልል ውስጥ ያለ ራስን በራስ ማስተዳደር ምን እንደሚመስል ታያለሽ። በአዋጅ 59/1994 የጸደቀው የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር እውቅና ይሰጣል፤ የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። መነሻው የፌዴራሉ አንቀጽ 39(3) ነው። አንቀጽ 39 ሲባል ተማሪው ሁሉ ወደ መገንጠሉ፣ ወደ ንዑስ አንቀጽ 4 ይሮጣል። 39(2) የቋንቋና የባህል፣ 39(3) የራስ አስተዳደር መሆናቸውን ሳያይ። ብዙው የዕለት ተዕለት ሕግ ያለው እነዚህ ሁለቱ ውስጥ ነው።

ሌላው፣ ክልሉ የራሱ ሕገ መንግሥት ተርጓሚ አለው። ኮሚሽን ነው፣ አባላቱ ከወረዳና ከብሔረሰብ ምክር ቤቶች ይወከላሉ። በፌዴራል ደረጃ ምክር ቤት፣ በክልል ደረጃ ኮሚሽን። «የክልል ሕገ መንግሥት ማን ይተረጉማል?» ሲባል ፌዴሬሽን ምክር ቤት ብለሽ እንዳትጽፊ።

ደጀን ኬላ

ቁጥር የሚበዛባቸውን ሁለት አንቀጾች እኔ ልስጣት፤ እነዚህን መቸከል ኃጢአት አይደለም።

አንቀጽ 93፣ የአስቸኳይ ጊዜ። ድንጋጌውን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ይቀርብለታል፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ዕድሜው እስከ 6 ወር፣ ከዚያ በየ4 ወሩ በሁለት ሦስተኛ ይታደሳል። ክልል ማወጅ የሚችለው የተፈጥሮ አደጋ ወይም የሕዝብን ጤንነት የሚያሰጋ በሽታ ሲከሰት ነው። የማይገደቡት አንቀጾች 1፣ 18፣ 25 እና 39(1)ና(2) ናቸው። ለምን በሕይወት የመኖር መብት እዚህ ውስጥ የለም የሚለው የታወቀ የፈተና ጥያቄ ነው። የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 4 በሕይወት የመኖር መብትን የማይገደብ ያደርገዋል፤ ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን ተቀብላለች። ከዚያ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች እኛ ጋ ያላቸውን ቦታ የሚናገሩትን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 9(4)ን እና 13(2)ን ታመጪና ሁለቱን ታስታርቂያለሽ።

አንቀጽ 105፣ ማሻሻያ። ሁለት መንገድ አለ፣ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል። ምዕራፍ 3ን፣ አንቀጽ 104ንና ራሱን 105ን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ በየራሳቸው በሁለት ሦስተኛ ማጽደቅ አለባቸው። ሌላውን ለማሻሻል ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልሎች ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ። «ሁሉም» እና «ሁለት ሦስተኛው» ላይ ክብ አድርጊበት።

ዋሸራ

ዓለም አቀፍ ሕግንም የሩቅ አድርጋችሁ አታስተምሯት። ግሽ ዓባይ ሰከላ ናት፤ ከቡሬ ስንት ሰዓት መንገድ ነው? የስምምነት ሕግን ለመማር ከዓባይ የተሻለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተከፋፈሉ፣ ኢትዮጵያ የስምምነቱ ተካፋይ አይደለችም። ያልፈረመ አገር በሌሎች ስምምነት ይገደዳል? የቪየና የስምምነቶች ሕግ አንቀጽ 34 ያለ ፈቃዱ አይገደድም ይላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ስለ ህዳሴው ግድብ ካርቱም የተፈረመው የመርሖዎች መግለጫስ አስገዳጅ ነው ወይስ የፖለቲካ ሰነድ? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ያላጸደቁትን አገሮች ምን ያደርጋቸዋል? ፊርማ፣ ማጽደቅ፣ ሥራ ላይ መዋል የሚሉት ሦስት ቃላት በዚህ አንድ ወንዝ ይለያሉ።

ግን በስሜት አትጻፊው። «ዓባይ የእኛ ነው» ብሎ የሚጀምር መልስ ሕግ የለውም።

መዝገብ ቤት

ስለ መውጫ ፈተናና ስለ ጥናቱ ባጭሩ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ የምርጫ ጥያቄ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ። ምርጫ ስለሆነ ሰው ከአራተኛ ዓመት ጀምሮ የጥያቄ ክምችት ብቻ ያነባል፤ በክምችቱ ውስጥ ግን የተሻሩ አዋጆች ላይ የተመሠረቱ መልሶች ሞልተዋል። እያንዳንዱን መልስ ከሕጉ ጋር እያስተያየሽ አርሚው፤ ማረሙ ራሱ ጥናት ነው።

የመመረቂያ ጽሑፉን በተመለከተ፣ «የአስተዳደር ፍትሕ በኢትዮጵያ» ርእስ አይደለም፣ የመጽሐፍ ስም ነው። «በአንድ ወረዳ የካሣ ቅሬታ ሰሚ አካል ውሳኔውን በምክንያት አስደግፎ ይሰጣል ወይ?» ግን ርእስ ነው። 30 መዝገብ ብታነቢ ትመልሽዋለሽ። ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አስቀድመሽ አውጪ፣ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን የሚመለከተው ክፍል ያስቀራል፣ በሌላው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስደርጊበት። ከገቢ ቁጥሩ ውጪ «ደብዳቤሽ ጠፍቷል» ሲሉሽ የምትይዢው ነገር የለም። ከመዝገብ ላይ ስም አትገልብጪ፣ የመዝገብ ቁጥር ይበቃል። በጥቅምትና በኅዳር ሂጂ፤ ሰኔ ላይ በጀት መዝጊያ ነው፣ ማንም አያስተናግድሽም። ፍርድ ቤቶች ደግሞ ክረምት ላይ እረፍት አላቸው።

ችሎት መግባትም ነፃ ነው፣ አንቀጽ 20(1) ራሱ ግልጽ ችሎት ይላል። ጠዋት በር ላይ የሚለጠፈውን የቀጠሮ ዝርዝር አንብበሽ «የወረዳው አስተዳደር» ወይም «ጽሕፈት ቤቱ» ተከሳሽ ወይም መልስ ሰጪ የሆነበትን መዝገብ ምረጪ። ስልክሽን አጥፊ።

የቡሬዋ

ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የምገለብጠው። አንድ የመጨረሻ ትንሽ ነገር፤ በእንግሊዝኛ አሳይመንት ስጽፍ የዝክረ ሕጉን አዋጅ ዓመት በየትኛው አቆጣጠር ልጥቀስ?

ዝክረ ሕግ

የእንግሊዝኛው ዓምድ ላይ የታተመውን። ዝክረ ሕግም ሁለት ዓምድ አለው፣ ቀኙ ላይ የፈረንጁን ዓመት ታገኚዋለሽ። ለምሳሌ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በአማርኛ 79/1995፣ በእንግሊዝኛ 79/2003 ነው። በአንድ ወረቀት ውስጥ ሁለቱን አትቀላቅዪ፤ ከቀላቀልሽ መምህሩ ሁለት የቤተሰብ ሕግ ያለ ይመስለዋል።